አማካያችን ጫት፣ አረቄና ትራማዶል ላይ ነው፤ የቱን አስቀድሞ ይተው?

ወጌሻ ዘአዘዞ

ሰላም ናችሁ? ጉዳዩ ጎንደር ላይ ያለ የአንድ ከፍተኛ ሊግ ቡድን አማካይ ተጫዋች ነው፤ ዕድሜው 24። ገምታችሁ ከምትመልሱ ዝርዝሩን ላስቀምጠው።

ትራማዶል፦ ባለ 50 ሚሊ ግራም ካፕሱል፣ በቀን አራት፣ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ለጉልበት ሕመም ነበር የታዘዘው። ጉልበቱ ዳነ፣ ካፕሱሉ ቀረ።
ጫት፦ በሳምንት አራት ቀን፣ ከቀኑ 8 እስከ 12 ሰዓት። አብዛኛውን ጊዜ የባህር ዳር ነው።
አረቄ፦ በቃመ ማታ ሁሉ ለጨብሲ (ምርቃና ማብረጃ)፣ ከአምስት እስከ ሰባት መለኪያ።
ሺሻ፦ በርጫው ላይ ካለ አያልፈውም።

ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ቁርስ እምቢ ይላል። ሜዳ ላይ እስከ 60ኛው ደቂቃ ድረስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ እግሩ አብሮት የለም። አሁን ራሱ «በቃኝ» ብሎ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉንም ቀጥ ሊያደርግ ነው። ጓደኞቹ ክፍሉን ቆልፈው ሊጠብቁት ተስማምተዋል። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ጥያቄዬ፦ አንድ ላይ ቢያቆም ምን ይሆናል? ጫትስ የአበረታች ቅመም ምርመራ ላይ ይወጣል? ጎንደር ውስጥ የት ይሂድ?


ሲስተር ቀ (ሥነ አእምሮ ነርስ)

ወንድሜ፣ የሰኞውን ዕቅድ ዛሬውኑ አስቁም። ልጁ «በቃኝ» ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በር መቆለፉ ግን ሊገድለው ይችላል።

ሦስቱ ነገሮች ሲቋረጡ የሚያመጡት አንድ ዓይነት አይደለም። ጫት በአንድ ቀን ቢቆም ሰውነትን አይጥልም። የሚመጣው ሀራራ፣ ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከዚያ ሌሊት ዱካክ ነው። ዱካኩ ያስፈራል፤ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት፣ ገደል የሚገፉት ይመስለዋል። ግን አደጋ የለውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አንድ ሰው አብሮት ይተኛ፣ መብራት አታጥፉ፣ ሲባንን ውኃ ስጡትና አነጋግሩት።

አረቄ ሌላ ነው። የጠዋቱን መንቀጥቀጥና ላብ ከጫቱ አትቁጠረው፤ ሰውነቱ አልኮሉን እየፈለገ ሊሆን ይችላል። አዘውትሮ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መለኪያ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ይመጣል። ጥሎት የሚያንፈራግጠው ብዙውን ጊዜ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን። የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ይህ ሲደርስ ጓደኞቹ «ሀራራ ነው፣ ያልፍለታል» ብለው ይቀመጣሉ።

ትራማዶል ከሁለቱም ይለያል። እንደ ሞርፊን ዘመዶቹ ሕመምን ያደነዝዛል፤ በዚያ ላይ እንደ ድብርት መድኃኒት አንጎል ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ሲቋረጥ ሁለት ዓይነት ሕመም ነው የሚመጣው፦ አንደኛው ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ ተቅማጥ፣ የእግር አልረጋ ማለት፤ ሁለተኛው ድንገተኛ ፍርሃት፣ አንዳንዴም መቃዠት። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ይከፋል። በዚያ ላይ ትራማዶል ራሱ ሰውን የሚጥልበትን አጥር ዝቅ ያደርገዋል። ትራማዶል ያለበት ሰው አረቄ በድንገት ሲያቆም ሁለት የመውደቂያ ምክንያት በአንድ ሌሊት ተገናኙ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን ሐኪም ነው የሚወስነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን እንዲህ ይሄዳል። ትራማዶሉ መጀመሪያ አይነካም፤ ያው አራቱ ካፕሱል፣ ግን በቁርጥ ሰዓት፣ ሌላ ሰው እጅ ሆኖ እየተሰጠው። ጫትና አረቄ አብረው ይቆማሉ፤ አረቄው የጫቱ ጨብሲ ስለሆነ አንዱን ትቶ ሌላውን መያዝ አይሆንለትም። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ሆስፒታል ተኝቶ ወይም በየቀኑ እየታየ፣ ቫይታሚን ቢ 1 እየወሰደ፣ ካስፈለገ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ እየተሰጠው ያልፋል። ዳያዜፓምን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ራሳችሁ እንዳትሰጡት፤ ከትራማዶል ጋር ተደርቦ ትንፋሽ ያዘገያል። ሁለት ሳምንት ተረጋግቶ ከቆየ በኋላ ትራማዶሉን መቀነስ ይጀመራል።

የት ለሚለው፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መጓዝ አያስፈልገውም። ሲሄድ ካፕሱሉን ከነማሸጊያው ይያዝ። የሚወስደውን መጠን አያሳንስ፤ «ሁለት ነው የምወስደው» ካለ ሐኪሙ የሚያወጣው ዕቅድ በሙሉ ይበላሻል።


ኮች አራዳ

እኔ በዚህ አልስማማም። ሆስፒታል መግባቱ በተሰማ ማግስት ስሙ ከተማውን ይዞራል፣ ክለቡም ውሉን ይቀድዳል። የጎንደር ልጅ አይደል? ሁለት ሱባዔ ጸበል ቢገባ፣ ከበርጫ ጓደኞቹ ቢርቅ ይበቃዋል። ስንቱ በዚያ ተመልሷል።


ሲስተር ቀ

ኮች፣ ከይቅርታ ጋር፤ ጸበሉን አልቃወምም። ከጓደኞቹ መራቁ፣ በሌሊት መነሣቱ፣ ማኅበሩ፣ ሁሉም ይረዳል። ችግሩ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ሆዱን እየጾመ፣ እያላበውና እያስቀመጠው፣ ካፕሱሉን ጥሎ ከገባ ውኃና ጨው ከሰውነቱ ያልቃል፤ ሲወድቅም «ጮኸ፣ ለቀቀው» ይባላል። የአረቄው ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ምግብ እየበላ ይግባ። ካህኑም ቢነገራቸው አብዛኞቹ መድኃኒትህን ውሰድ ነው የሚሉት።


ደንቡን አንብቡ

ለሁለተኛው ጥያቄ። አዎ፣ ጫት ይወጣል። ብዙ ተጫዋች «ቅጠል ነው፣ በአገራችን ሕጋዊ ነው» ይላል፤ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ድርጅት (ዋዳ) ዝርዝር ግን ስለ ቅጠሉ አያወራም፣ ውስጡ ስላሉት ነው።

ትኩስ ጫት ውስጥ ዋናው ካቲኖን ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን እየተሰባበረ ወደ ደካማው ካታይን ይለወጣል፤ ቃሚ «የዛሬ ካልሆነ አይመረቅንም» የሚለው ለዚህ ነው። ሰውነት ውስጥም ይሰባበራል። ሁለቱም በውድድር ጊዜ የተከለከሉ አነቃቂዎች ናቸው። ካታይን ገደብ አለው፤ በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጥሰት ነው። ለካቲኖን እንዲህ ያለ የተፈቀደ መጠን አልተቀመጠለትም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። «በውድድር ጊዜ» የሚባለው ዳኛው ሲያፏጭ የሚጀምር የሚመስላቸው አሉ። የሚጀምረው በጨዋታው ዋዜማ ሌሊት በእኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ከ59 ላይ ነው፤ የሚያበቃው ጨዋታው አልቆ ናሙና መስጠቱ ሲጠናቀቅ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደንቡ መቼ ቃመ ብሎ አይጠይቅም፣ ናሙናው ሲሰጥ ሽንቱ ውስጥ ምን አለ ነው የሚለው። እሑድ 9 ሰዓት ጨዋታ ላለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት የቃመው ውጭ ነው ብሎ ማሰብ ቁማር ነው። በሳምንት አራት ቀን ለሚቅም ደግሞ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረባል። ስንት ሰዓት ሲቀረው ማቆም አለበት እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ፣ መልስ የለኝም።

ትራማዶል ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024) ጀምሮ በውድድር ጊዜ ክልክል ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከዚያ በፊት በ2019 እ.ኤ.አ. ከልክሎት ነበር፤ ኮሎምቢያዊው ናይሮ ኪንታና በ2022ቱ የፈረንሳይ ዙር ያገኘውን 6ኛ ደረጃ የተነጠቀው በዚሁ ነው። ስለዚህ ልጁ በቀን አንዲት ካፕሱል እንኳ እየወሰደ መሰለፍ አይችልም። ሐኪም አዝዞለታል ማለት ብቻውን አያድንም፤ የሕክምና አጠቃቀም ፈቃድ የሚባል አለ፣ ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ይጠየቃል። የዳነ ጉልበት ይዞ ግን ምን ብሎ ያመለክታል?

አረቄው በእግር ኳስ ክልክል አይደለም። ሺሻው ትምባሆ ብቻ ከሆነም እንዲሁ፤ ኒኮቲን በክትትል ላይ ነው እንጂ አልተከለከለም። ሺሻው ላይ ሌላ ነገር ከተጨመረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቅጣቱ ላይ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤክስተሲና ካናቢስ «ለሱስ የሚውሉ» ተብለው ለብቻ ተመድበዋል። ከውድድር ውጭ እንደወሰዳቸውና ለብቃት እንዳልሆነ ካስረዳ 3 ወር፣ የሕክምና ፕሮግራም ከጨረሰ ደግሞ 1 ወር ነው ቅጣቱ። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሻካሪ ሪቻርድሰን በ2021 እ.ኤ.አ. በካናቢስ የ1 ወር እገዳ ብቻ የተጣለባት በዚህ ነው፤ የቶኪዮው 100 ሜትር ግን አመለጣት። ጫትና ትራማዶል ከዚያ ምድብ ውስጥ የሉም። መነሻው እስከ 2 ዓመት ነው፤ ጥፋቱ ቀላል መሆኑን ካስረዳ እስከ ተግሣጽ ሊወርድ ይችላል፣ ሆን ብሎ ነው ከተባለ 4 ዓመት። ናሙና አልሰጥም ብሎ መሸሽም በመሠረቱ 4 ዓመት ያስቀጣል፤ ስለዚህ «ምርመራ ሲመጣ በጓሮ ውጣ» የሚል ምክር የሰጠው ካለ ጠላቱ ነው።

እገዳ ማለት ደግሞ ጨዋታ መቅረት ብቻ አይደለም። ከቡድኑ ጋር ልምምድ መሥራትም አይችልም፤ የሚፈቀድለት በመጨረሻዎቹ 2 ወራት ወይም በእገዳው የመጨረሻ ሩብ ነው፣ ከሁለቱ አጭሩ።

አንተም ወጌሻ ነህና አንድ ነገር፦ በጨዋታ ዋዜማ ሌሊት ወይም በዕለቱ ትራማዶል ከቦርሳህ አውጥተህ ብትሰጠው «መስጠት» የሚባል የራስህ ጥሰት ነው፤ ከ4 ዓመት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ። ከቦርሳህ አውጣው።


ፋርማሲ ማራኪ

ደንቡን አንብቡ ጥሩ አድርጎ ጽፎታል። እኔ ትራማዶሉ ላይ ልጨምር።

ትራማዶል እንዳለ ብዙ አይሠራም፤ ጉበት ወደ ጠንካራው መልኩ ሲቀይረው ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል። በኢትዮጵያውያን ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከመቶው 29 ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል፤ ማለትም በጣም ፈጣን ቀያሪዎች ናቸው። የአንዱ አራት ካፕሱል ለሌላው እንደ ስድስት ሊሆን ይችላል። «ጓደኛዬ በቀን ስምንት ይወስዳል፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ለዚህ ነው ዋጋ የሌለው። የአዋቂ ከፍተኛው መጠን በቀን 400 ሚሊ ግራም ነው፤ አረቄ ካለበት ግን ማንኛውም መጠን አያስተማምንም።

ሲቀነስ ከ200 ወደ 150 ሚሊ ግራም፣ ሁለት ሳምንት እዚያው፤ ወደ 100፣ ሁለት ሳምንት፤ ወደ 50፣ ሁለት ሳምንት። መጀመሪያ የቀኑ ትወጣለች፣ የማታዋ መጨረሻ ትቀራለች፤ እንቅልፍ ካጣ ጫቱን ይናፍቃልና። ከ50 ወደ ዜሮ ያለው ደረጃ በቁጥር ትንሽ ይምሰል እንጂ ብዙው ተሸንፎ የሚመለሰው እዚያ ላይ ነው። ሐኪሙ ለዚያች ደረጃ መሐሉ ላይ የሚሰነጠቅ ኪኒን ሊያዝለት ይችላል። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን መክፈል አይሆንም፤ ቀስ ብሎ የሚለቀው ባለ 100 ዓይነት ከሆነማ መክፈቱ ራሱ አደጋ ነው፣ የቀኑን መጠን በአንዴ ይለቃል። አንድ ደረጃ ላይ ከከበደው እዚያው ይቆይ እንጂ ወደ ላይ አይመለስ።

ከሱ ጋር የማይደረቡ፦ የድብርት መድኃኒቶቹ ፍሉኦክሰቲን እና አሚትሪፕቲሊን። ሁለተኛውን ሰው ለእንቅልፍ ብሎ በቀላሉ ይወስደዋል፤ ከትራማዶል ጋር መውደቅ ያመጣል። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እስኪረጋጋ ድረስ በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ፍሬ አይለፍ፣ ጉበቱ አረቄ ጠግቧል። ዳይክሎፌናክ ባልተበላ ሆድ ላይ፣ በዚያ ላይ በአረቄ፣ ጨጓራ ያደማል።

ጉንፋን ሲይዘውም ከሱቅ ዝም ብሎ አይግዛ። ኤፌድሪን ከ10፣ ስዩዶኤፌድሪን ከ150 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ በውድድር ጊዜ ጥሰት ነው፤ አፍንጫ የሚከፍቱ ድብልቅ ኪኒኖች ውስጥ ይገኛሉ። ሱስ ለማስተው ከሚሰጡት ውስጥ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን በውድድር ጊዜ ክልክል ናቸው። ዳያዜፓም፣ ክሎኒዲንና ናልትሬክሶን ለእግር ኳሰኛ ችግር የለባቸውም፤ ግን ናልትሬክሶን ትራማዶል ገና ሰውነቱ ውስጥ እያለ ከተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ ከባድ የማቋረጥ ሕመም ይቀሰቅሳል።


ወጌሻ ዘአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁም። የሰኞው ዕቅድ ተሰርዟል። ሲስተር፣ ነገ አብሬው እሄዳለሁ። በስሌቱ ከሄድን ሁለት ሳምንት መረጋጊያ፣ ስድስት ሳምንት መቀነሻ፤ ስለዚህ የሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ያልፈዋል ማለት ነው? ለክለቡ ምን ይባል? ካምፕ ውስጥስ ከ8 ሰዓት በኋላ እንዴት ይያዝ?


ደንቡን አንብቡ

ያልፈዋል። ስምንት ሳምንት ትንሹ ነው፣ አሥር ቁጠር። በሱ ፈንታ ሌላ ሰው አሰልፉ፤ ሁለት ዓመት ከማጣት ይሻላል።

ለክለቡ የሐኪም ማስረጃ ነው የሚሰጠው። ሐኪሙ «ለዚህን ያህል ጊዜ ሕክምና ላይ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የሕመሙን ዓይነት ለሁሉም መግለጽ የለበትም። የቡድን ሐኪም ካላችሁ እሱ ይወቅ፣ ሌላው ባያውቅ ምንም አይደል። ውሉ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛ ከሆነ የሕመም ፈቃዱ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ነው። ውሉን አውጥታችሁ ከማስረጃው በፊት አንብቡት፤ ከልምምድ የቀረበት ቀን በማስረጃ ካልተሸፈነ ነው ክለብ ውል ለማፍረስ ሰበብ የሚያገኘው።


ኮች አራዳ

እሺ፣ ስለ ጸበሉ ሲስተር አሸንፋኛለች። ስለ 8 ሰዓቱ ግን የምለው አለኝ።

ብዙ ቡድን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይሠራል፣ 4 ሰዓት ተኩል ያልቃል፣ ከምሳ በኋላ ልጁ እስከ ማታ ባዶ ነው። በርጫ ያንን ባዶ ነው የሚሞላው። ሊጉ በአንድ ከተማ ተሰባስቦ ሲካሄድ ደግሞ ይብሳል፤ ሳምንታት ሆቴል ውስጥ፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል፣ ከስልክ በቀር ሥራ የለም። ስለዚህ የእሱን ዋና ሥራ ወደ 9 ሰዓት አምጡት፦ የጉልበት ማጠናከሪያ፣ ብስክሌት፣ ማሳጅ። ጠዋት ቀላል እርምጃ ብቻ። እስከ 11 ሰዓት እጃችሁ ላይ ይቆያል፣ 12 ሰዓት ላይ እራት። ሀራራው ጎልቶ የሚመጣው በለመደበት ሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓት ካለፈ ማታው ይቀላል።

ክፍል ቀይሩለት። ገረባ ያለበት፣ የሺሻ ሽታ ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛ። አብሮት የሚያድረው የማይቅም ይሁን፤ «ጀባ» የሚለው ሰው ከአጠገቡ ከጠፋ ግማሹ ሥራ ነው። የክለብ ደመወዝ ሲጠራቀም ቆይቶ በአንዴ የሚገባበት ቀንም አለ፤ የዚያን ቀን ብቻውን ከተማ አይውጣ። ጥምቀት ሰሞንም እንዲሁ፤ ከጥር 9 እስከ 12 ጎንደር ላይ አረቄ የማይጋብዝ ዘመድ የለም።


ሲስተር ቀ

ኮች ያልከው ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ብቻ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብስክሌቱ ላይ አታስጨንቁት። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ሙሉ ልምምድ ከመመለሱ በፊት የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የደም ግፊትና የጉበት ምርመራ ይሠራለት። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሣ የልብ ምቱን በደቂቃ ቁጠሩና በደብተር ጻፉ። ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ከሄደ ጥሩ ነው፤ ድንገት በ10 ወይም በ15 ከዘለለ ወይ አልተኛም፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ቅሟል። ደብተሩ ለመክሰስ አይደለም፤ በደግ ቃል ለመጠየቅ ነው።


ወጌሻ ዘአዘዞ

የመጨረሻ ጥያቄ። ሲደክመው ክሊኒክ ወስደን ግሉኮስ እናስደርገው ነበር። እሱስ ይቀጥል?


ፋርማሲ ማራኪ

አቁሙት፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ አረቄ ያዘወተረ ሰው ቢ 1 ያንሰዋል፤ ቢ 1 ሳይቀድም ግሉኮስ ሲገባ ያለችውን ጥቂት ይጨርስና አንጎል ይጎዳል፦ ዓይን ይወዛወዛል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ ሰው ይደናገራል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ በውድድርም ከውድድር ውጭም ክልክል ነው። የሚፈቀደው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በክሊኒክ ምርመራ ሂደት ለሚሰጥ ብቻ ነው። አንዱ ከረጢት ደግሞ 500 ወይም 1,000 ሚሊ ሊትር ነው። ውስጡ ስኳርና ውኃ ብቻ ቢሆንም ጥሰቱ ዘዴው ራሱ ነው። ከተቀማጠ ኦ አር ኤስ፣ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በአፉ ይጠጣ።